የወንድሜ ጌም ጎጃም ውስጥ ሲያዜም

ከአዲስ አበባ ቤታችን የተነሣሁት በጥር መጨረሻ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ጉዞው የሽርሽር አልነበረም። ታላቅ ወንድሜን ጌትነትን ፍለጋ ነው የወጣሁት። እናቴ እግሯን ስለሚያማት መምጣት አልቻለችም። በሶ በላስቲክ ቋጥራ፣ መናኸሪያ ድረስ በታክሲ ሸኝታኝ፣ «ካገኘሽው፣ ቆዪ ቢልሽም እሺ አትበይው፣ ይዘሽው ነይ» አለችኝ።

ጌትነት ሰፈራችን ውስጥ የመጀመሪያውን ጌም ቤት የከፈተ ሰው ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ ከቻይና የመጡ ቢጫ ካሴት የሚጎርሱ ጌሞች። ልጅ ሁሉ የዳቦ መግዣውን ይዞ እሱ ዘንድ ይውል ነበር፤ እናቶች ደግሞ እርግማናቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ከዚያ ሲዲ የሚጎርሱት መጡና ደንበኞቹ በአንድ ክረምት ከዱት። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን በርካሽ ሸጦ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። እሱ ግን «ያረጀው እዚህ ነው እንጂ ሌላ አገር ገና አልተወለደም» አለና ጌሞቹን፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ትንሽ ጄኔሬተር ጭኖ ጎጃም ገባ። መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ከፈተ። ሲዲው እዚያም ሲደርስበት ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ከዚያም መብራት ወደሌለበት ገጠር ዘለቀ። ሱቁን ለእኔ ስለተወልኝ ዛሬም ቴሌቪዥንና ጌም የምጠግነው እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው ቴሌ ይደውልልን ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን አልደወለም።

አንባቢ እንዲገባው ስለ ድምፁ ትንሽ ልበል። የእነዚያ ጌሞች ሙዚቃ ተቀድቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ውስጣቸው ያለች አንዲት ቺፕ እዚያው በዚያው ታመነጨዋለች። አምስት ድምፅ አላት። ሁለቱ እንደ ጥሩምባ ስል ናቸው። ሦስተኛው ወፍራምና ለስላሳ ነው። አራተኛው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል ነው፤ ለከበሮ ያገለግላል። አምስተኛው አጫጭር የተቀዳ ድምፅ ያወጣል፤ በቻይናዎቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ጌትነትና እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጠን የራሳችንን ዜማ ሠራን። ባዶ ቺፕ ላይ ጻፍነው፤ አንድ አሮጌ ካሴት ከፍተንም ቺፑን ውስጡ በየድነው። ያ ካሴት ሲሰካ ጨዋታ የለም፤ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ዜማው ብቻ ይዞራል። ጌትነት ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ እሱን ይሰካ ነበር። አዲስ አበባ በነበረ ጊዜ እንኳ ልጆቹ ከጫጫታቸው ብዛት ልብ አይሉትም ነበር። ዜማውን ዐውቀን የምናዜመው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

በጥምቀት ማግስት አንዲት ሴት ቴሌቪዥን ሊያሠሩ ሱቄ መጡ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ከደብረ ማርቆስ ቅቤ እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ማጉረምረም ጀመሩ። እጄ ላይ የነበረው ካቻቢቴ ወደቀ። የእኛ ዜማ ነበር። ቃል የለውም። መሐሉ ላይ ደግሞ እኛ ያልጻፍነው ነገር ገብቶበታል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ይንተባተብና ይቀጥላል።

«እትዬ፣ ይህን ዜማ ከየት ሰሙት?» አልኳቸው።

«ታውቂዋለሽ?»

«እኔና ወንድሜ ነን የሠራነው።»

«ወንድምሽ ማን ይባላል?»

«ጌትነት።»

አማተቡ።  ከዚያ ተነሥተው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። «እኔ የሰማሁት ደብረ ኤልያስ መንገድ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ስትደርሽ ጌም ቤት ያለውን ሙሉቀንን ጠይቂ። ብቻሽን አትምጭ» አሉና ቴሌቪዥናቸውን ሳይወስዱ ሄዱ። እኔ ግን የሚከተለኝ ሰው አልነበረኝምና ብቻዬን ሄድኩ።

ጎሐ ጽዮንና በረሃው

አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሣ ብል እዋሻለሁ። ጣሪያው ላይ ፍየል እስኪታሰር፣ ሾፌሩ ሻዩን እስኪጨርስ፣ ለሁለት ሰው በተሠራው ወንበር ሦስተኛ እስኪታከል ነጋ። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መስኮቱን በክርናቸው ደግፈው ይዘውታል። ትንሽ ልክፈት ብላቸው «ንፋስ ገድሎ አያውቅም ያለሽ ማነው?» አሉኝ። እስከ ደጀን ድረስ የሰላሳ ሰው ትንፋሽ ስምግ ሄድኩ።

ጎሐ ጽዮን ላይ ለቁርስ ወረድን። በስድስት ብር ፍርፍር በላሁ፤ ከፍርፍሩ በርበሬው ይበዛል፤ ሻዩ ደግሞ ስኳር ብቻ ነው። ከዚያ ዓባይ በረሃ ገባን። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን ዘጋው።  የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታና የፍሬኑ ሲጥታ ብቻ ነው። ሽታው ጎማ ጎማ ይላል። ከታች ገደሉን ሞልቶ ነጭ ጭጋግ ተኝቷል፤ ጠርዙ ላይ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ቁጭ ብለው አውቶቡሱን አንገታቸውን እያዞሩ ይከተሉታል። ጆሮዬ ተደፈነ። በተደፈነው ጆሮዬ፣ በሞተሩ ድምፅ ሥር፣ የቺፗን ወፍራም ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ሰው ያሰበውን ነው የሚሰማው ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ድልድዩን ስንሻገር ግን አሁንም ነበር።

ደጀን ላይ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ጆሮዬ ተከፈተ፤ ድምፁም ጠፋ። ሴቶች የሽምብራ እሸት በመስኮት ያቀብላሉ። አንድ እስር ገዝቼ ለአዛውንቱ ባካፍላቸው ጊዜ መስኮቱን ይቅር አሉኝ።

ደብረ ማርቆስ

የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያንከባለለ አስፋልቱን ይጠርገዋል። ጋሪ ይዤ «ጌም ቤት» ስለው ባለጋሪው የት እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ወሰደኝ።

ሙሉቀን ቀጭን፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ አራት ቴሌቪዥን ተደርድሮ ጎረምሶች ኳስ ይጫወታሉ፤ ጩኸቱ ጣሪያ ያነሣል።

«ጌትነት የሚባል ጌም ያለው ሰው ታውቃለህ?» አልኩት።

«አንች ማን ነሽ?»

«እህቱ ነኝ። አስቴር።»

ዞር ብሎ የአራቱንም ቴሌቪዥን ድምፅ ተራ በተራ ዘጋ። ጎረምሶቹ ሊቆጡ ዞሩ፤ ፊቱን ሲያዩ ወደ ስክሪናቸው ተመለሱ። ኳሱ ያለ ድምፅ መንከባለሉን ቀጠለ።

«ደህና ነው?» አልኩ።

«ነገ ደብረ ኤልያስ ትደርሻለሽ። እዚያ የሚቀበሉሽ ሰዎች አሉ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ደህና ነው ወይ ነው።»

«ምሳ በልተሻል?» አለኝ።

ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ አላወቀችኝም፤ በጆሮዋ ሹክ ሲላት ግን እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ያቀረበችው ሽሮ ለአራት ሰው ይበቃል። እኔ ስበላ እነሱ ያዩኛል፤ ቀና ስል ወደ ሌላ ያያሉ። ሆቴልም ራሱ ወስዶ አስያዘኝ፤ አልጋው ተከፍሎበታል አለኝ። በማን እንደተከፈለ ብጠይቅ «አንች ዕረፊ» ብሎ ወጣ።

ፀሐይ ስትጠልቅ በኮሪደሩ አንሶላ የያዘች ሴት አለፈች፤ ታጉረመርማለች። ዜማው ነው። ያው መንተባተቡ፣ ሦስት ጊዜ። በሩን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ስትል ከታች ከጓሮ ሌላ ሴት ተቀበለቻት፤ ዜማው ሳይቋረጥ ቀጠለ። የፊተኛዋ ስታየኝ አንሶላውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆመች። «ምንድን ነው የምታዜሙት?» አልኳት። «እንጃ እህቴ» አለችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ሄደች። በሩን ዘግቼ ወንበር ደገፍኩበት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ምልክቱን አላየሁም ማለት አልችልም። እዚህ አገር ተወልጄ ሰው ሲያባብሉት ምን እንደሚከተል አጥቼው አይደለም። ግን ለራሴ ታሟል አልኩ። ታስሯል አልኩ። ከዚያ አግብቷል የሚለው ይበልጥ ተስማማኝ፤ የገጠር ልጅ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እናቴን ፈርቶ ነው ዝም ያለው። የልጁን ስም ሁሉ ስመርጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ወደ ደብረ ኤልያስ

ጠዋት ሙሉቀን እህል ሊጭን ባዶውን በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና አስገባኝ። ለሾፌሩ በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ነገረው። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። ሙዚቃም አልከፈተም፤ ቴፑ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎበታል። አቧራው በወለሉ ቀዳዳ እየገባ ቅንድባችንን ቀባው። ግራና ቀኝ ጤፍ ታጭዶ የቀረ ገለባ፣ አልፎ አልፎ ክብ አውድማ፣ ከርቀት የቤተ ክርስቲያን ጥድ።

ደብረ ኤልያስ መግቢያ ላይ ወረድኩ። ሻይ ጠጥቼ ልከፍል ሳንቲም ብዘረጋ ባለሻይዋ እጄን አጥፋ መለሰችልኝ። ከበሩ ማዶ ጥምጥም ያሰሩ፣ መቋሚያ የያዙ አረጋዊ ቆመዋል።

«አስቴር አንች ነሽ?» አሉኝ።

ስሜን እዚያ ከተማ ለማንም አልነገርኩም። ሙሉቀን ይሆናል አልኩ በሆዴ። ሰላምታ ሰጥቼ ማንነታቸውን ጠየቅኩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ጌትነት ያለበት መንደር ከዚህ በእግር ነው፣ እኔ አደርስሻለሁ አሉኝ። «ያለበት» ማለታቸውን ይዤ ደስ አለኝ። እንደ ሞኝ ፈገግ እያልኩ ተከተልኳቸው።

መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሜዳው መጨረሻ ላይ መሬቱ ይቆረጥና የዓባይ ቆላ ይጀምራል። የኔታ ፈጣን ናቸው። እየሄዱ ስለ ጌሙ ጠየቁኝ፤ በጥያቄ እንዳልወጥራቸው ቀድመው የሚጠይቁ መሰለኝ።

«ሣጥኑ ስንት ድምፅ አለው?»

«አምስት ነው የኔታ። እሱ ያመጣው ላይ አራቱ ብቻ ናቸው የሚሠሩት።»

«ትንፋሽ የሚወስደው የት ላይ ነው?»

«አይተነፍስም። ማሽን እኮ ነው።»

«አወቅሁ። ሴቶቹን መከራ ያሳያቸው ይኸ ነው። ሰው የሠራው ዜማ ሁሉ ትንፋሽ መውሰጃ አለው፤ ይኸ የለውም።»

«የትኞቹ ሴቶች?»

ቆም አሉ። የተናገሩት የጸጸታቸው መሰለኝ። ከኮረጇቸው ዳቦ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ። «ብይ ልጄ። ለሁሉም ጊዜ አለው» አሉኝ።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ሴቶች ጀሪካን ይሞላሉ። እዚያም ዜማው አለ። ከሩቅ አንድ ሰው የሚያዜመው ይመስላል፤ ሲቀርቡ ግን ስምንት ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች፤ ያቺ ትንፋሽ ስታጣ ሦስተኛዋ። አፋቸው አይከፈትም። ልክ እንደ ቺፗ፣ አንዲት ስንጥቅ ሳይገባበት ይዞራል፤ ደግሞ ያችው ቦታ ሲደርስ ሁሉም በአንድነት ሦስት ጊዜ ይንተባተባሉ። ይህ የተማረ ኳየር አይደለም፤ ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። ስናልፍ አላቆሙም። በዓይናቸው ብቻ ተከተሉኝ። የኔታ ሳያዩኝ መቋሚያቸውን ወደኔ አስጠጉ፤ ያዝኩት።

መንደሩ

ያሳረፉኝ ወይዘሮ የሺ ቤት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ናቸው። የአገሩ አልቃሽ መሆናቸውን የኔታ መንገድ ላይ ነግረውኛል፤ ለቅሶ ሲኖር ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ደጃፍ ላይ አቅፈው ይዘውኝ ቆዩ።

«ወንድሜ የት ነው?» አልኳቸው።

«ቆላ ወርዶ ነበር። በቆላ ገበያ ጌሙን ሊያሳይ።»

«ተመልሷል?»

«ተመልሷል። አሁን ብይ ልጄ። የመንገድ ሰው ነሽ። ጥያቄው የትም አይሄድ።»

ዶሮ አርደዋል። ቅድም የጠቀስኩት ተረት ትዝ ብሎኝ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። በላሁ። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ፣ እግሩን፣ ፈረሰኛውን፣ እንቁላሉን፣ እስኪያንቀኝ በላሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬ ማውራት እችላለሁ። እየበላሁ እስካለሁ ድረስ ክፉውን የሚነግረኝ የለም ብዬ ነው። ምግቡ ሲያልቅ የሚነግሩኝ መሰለኝ። ሲያልቅ ግን እግሬን አጥበው አልጋ አነጠፉልኝ።

ዶሮ ሲጮኽ ነቃሁ። ግቢው ውስጥ እግር ይሰማል። አንድ ሰው አይደለም፤ እንዳይሰሙ ተጠንቅቀው የሚረግጡ ብዙ እግሮች ናቸው።  አንዱ ሳል ሲይዘው በጋቢው አፈነው። ተነሥቼ ተቀመጥኩ፤ ጫማዬን አጠለቅኩ፤ ክሩን ሁለቴ አሰርኩ። በሩ ተከፈተ። የኔታ ከፊት፣ ሙሉቀን ከኋላቸው፣ ወይዘሮ ጥሩነሽም አሉ፤ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ልጄ አስቴር» አሉ የኔታ፤ «ወንድምሽ ጌትነት አርፏል። እኛ ነን የቀበርነው። እንደ ልጃችን ነው የቀበርነው።»

ወይዘሮ የሺና ወይዘሮ ጥሩነሽ ግራና ቀኝ ያዙኝ። ያን ጊዜ ነው ለምን ብቻሽን አትምጭ እንዳሉኝ የገባኝ።

ለቅሶው

ከቆላ ይዞት የመጣው ወባ ነው የገደለው፤ መስቀል ካለፈ በኋላ። የተቀበረው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው። ያን ቀን እንደ ነገሩ አልቅሰውለት ነበር፤ ዘመዱ ስላልተገኘ ግን ለቅሶውን ዘግተን ጨረስነው አላሉም። እኔን ነበር የሚጠብቁት።

በዚያ አገር ባለማዕረግ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተይዞ ለቅሶ ሜዳ ላይ ይዞራል። ጌትነት ፈረስም ጠመንጃም አልነበረውም። ሜዳው መሐል አልጋ አውጥተው ጃኬቱን አንጥፈውበታል፤ ጃኬቱ ላይ ቴሌቪዥኑና ጌሙ ተቀምጠዋል። ሙሉቀን ከደብረ ማርቆስ ቤንዚን ይዞ መጥቷል። የጄኔሬተሩን ገመድ ሳበ፤ በሦስተኛው ተነሣ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ዜማው መጣ።

ያ ስል ድምፅ በዚያ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚሰማ መግለጽ ያቅተኛል። ሱቅ ውስጥ የምንስቅበት ድምፅ ነው። እዚያ ግን ማንም አልሳቀም፤ ከብት እንኳ ቀና አለ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጌሙ ተንተባተበ፣ ሦስት ጊዜ። እኔ ጠጋኝ ነኝና ምክንያቱን ወዲያው ዐወቅኩ፤ የካሴቱ እግር አቧራ ይዟል፣ በላጲስ ቢታሽ ይለቃል። ሴቶቹ ግን ዜማው እንዲያ ነው ብለው ተቀብለውታል። መንተባተቡ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ደረታቸውን መቱ፤ መቶ እጅ በአንድ ላይ። ያን ስህተት ማን ሊጠግን ይችላል? በሁለት ረድፍ ቆመው፣ አንዱ ረድፍ ሲተነፍስ ሌላው ይዞ፣ ከቺፗ ጋር እኩል ሄዱ። በመሐል ወይዘሮ የሺ ቃል አወረዱበት፦

«ፈረስ የለው ጌታው፣ ጠመንጃ የለው፣
በሣጥን ዜማ ነው አገሩን የገዛው።

እናቱ አልሰማችም፣ እህቱም አልሰማች፣
ይህ ዜማ ካልጠራት በምን ታውቃለች?»

ያኔ ወደቅኩ። ያነሡኝን ሰዎች አላውቃቸውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ንፍሮ እየቀማመሰ ሲበታተን፣ ወይዘሮ የሺ አጠገቤ ተቀመጡ።

«መታወቂያው ላይ ስሙና አዲስ አበባ ብቻ ነው ያለው» አሉኝ። «አዲስ አበባ ስንት ጌትነት አለ? ወደ ማን እንላክ? ስልክ ብንጠይቀው ትኩሳቱ ቃል አላስጨርስ አለው። ነፍሱ ሳትወጣ ግን ነግሮኛል፤ ይህን ዜማ የማውቀው እኔና እህቴ ብቻ ነን ይል ነበር። እኔም አልሁ፣ እንግዲያ የሚያገኛት ዜማው ነው። ያን ጊዜ ለሣጥኑ ቤንዚን ነበረን፣ ሴቶቹን ሰብስቤ እስኪያልቅ አሰማኋቸው። ከዚያ በአፋችን ያዝነው። ወደ ማርቆስ የምትሄድ፣ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ሁሉ በየደረሰችበት እንድታጉረመርመው። ቃል ሳይገባበት ነው፤ ያለ ለቅሶ ሙሾ ክፉ ነው። ሰምታ የደነገጠች፣ እህቱ ያች ናት አልኋቸው።»

«እትዬ ጥሩነሽ ሱቄ ውስጥ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብቻሽን? በጠራራ ፀሐይ? ስትወድቂ ማን ሊይዝሽ ነው?» ወይዘሮ የሺ ተቆጡኝ። ቀጥለው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ ለስንት ሰው አልቅሻለሁ መሰለሽ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። ለሱ ግን እንባው ነበረኝ፣ ቃል አጣሁ። አባቱን አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ። ዜማ ይዞልኝ ባይመጣ ኖሮ ምን እል ነበር?»

ወንድሜን የሚያውቁት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው አፍ ከቀብሩ ጀምሮ ስንት ወር ተሸከሙት። ይህን ሳስብ ከሐዘኔ ይልቅ አድናቆቴ አስለቀሰኝ፤ ለነሱ ምን እንደምል ስላጣሁ የወይዘሮ የሺን ጉልበት ሳምኩ።

መመለስ

ቴሌቪዥኑንና ጄኔሬተሩን ለመንደሩ ተውኩ። ጌሙንና ካሴቱን በጃኬቱ ጠቅልዬ ያዝኩ። የኔታ እስከ ደብረ ኤልያስ ሸኙኝ። ምንጩ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እየሞሉ ስለ ሠርግ ያወራሉ፤ የሚያጉረመርም የለም። ደብረ ማርቆስ ሆቴሉ ውስጥ ያችው ሴት አንሶላ ይዛ አለፈች። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። «ደህና እደሪ» ብቻ ብላኝ ሄደች። አደራቸውን አድርሰው አውርደውታል። ስመጣ ድምፁ እንዳስፈራኝ አሁን ዝምታው አስፈራኝ፤ ዓባይ በረሃ ስንወርድም ጆሮዬ ተደፈነ፣ ግን ከሞተሩ በቀር ምንም አልሰማሁም።

ከዚህ ጉዞ የተማርሽው ምንድን ነው ብባል አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ሞትን እንዲህ ደብቆ፣ አብልቶ፣ አስተኝቶ ማለዳ ማርዳት ለእኔ የኋላ ቀር ውሸት ነበር። ሲደረግብኝ ገባኝ። ጎጃሞች ከሱቄ ጀምሮ እስከ ወይዘሮ የሺ አልጋ ድረስ የሰጡኝ ወንድም ያለኝ ሆኜ የምኖርባቸውን የመጨረሻ ቀኖች ነው። አንዳቸውም ሊወስዱብኝ አልቸኮሉም።

አዲስ አበባ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ቤት ከመግባቴ በፊት የዕድራችን ዳኛ ወደ ሆኑት ጎረቤታችን ገባሁ። ነገርኳቸው። ጥቅሉን እሳቸው ዘንድ አስቀመጥኩ፤ ማለዳ ሰው ይዘው እንዲመጡ ተነጋገርን። ፊቴን ታጠብኩና ቤታችን ገባሁ።

እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ከስቷል?»

«ነገ አወራሻለሁ እማዬ፤ መንገዱ ገድሎኛል። እራት በልተን እንተኛ።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሌላ ሽንኩርት አነሣች። «እሺ፣ ብዪና ተኚ» አለች። እራቱን አቀረበች፤ በላችም። ጌትነት ልጅ ሳለ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቶ የደበቀበትን ቀን አወራችልኝ፤ እየሳቀች አወራችልኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ማለዳ ግቢያችን ውስጥ እግሮች ተሰሙ። ተነሥቼ አልጋዋን ባይ ባዶ ነው። ጎረቤቶቹ ሳያንኳኩ እናቴ በሩን ከፈተችላቸው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር።